የታረሰ ሰማይ

በደቡብ ምዕራብ የቡና አገር ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር ያለፈበትን ቦታ ከሩቅ ለመለየት ታወሩን መፈለግ አያስፈልግም። ዛፍ የሌለበትን ማየት ይበቃል። ሰሳው፣ ዋንዛውና ቀረሮው ተደጋግፈው ከቆሙበት ኮረብታ ላይ አንድ ቀጥ ያለ ገላጣ ደኑን ሰንጥቆ ይወርዳል። ፀሐይ ያለ ከልካይ መሬት የምትነካበት ረጅም ቦታ በዚያ አገር ብርቅ ነው። መስመሩ ወደ ከተማ ሲጠጋ ገላጣው ሌላ መልክ ይይዛል፤ ቤት ከቤት በተጣበቀበት ሰፈር መካከል ማንም ያልሠራበት ሰፊ ሜዳ ይሆናል።

አማን ላይ እንዲህ ያለ ሜዳ ለልማት ይሰጥ የሚል ሐሳብ ለነዋሪዎች ውይይት ቀረበ እንበል። ሚዛንና አማን ተጋጥመው አንድ ከተማ ከሆኑ ቆይተዋል። በኅዳር 2014 ዓ.ም የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ከተመሠረተ ወዲህ ሚዛን አማን ከቦንጋ፣ ከተርጫና ከቴፒ ጋር ከክልሉ ማዕከላት አንዱ ነው። ቢሮ ሲመጣ ሠራተኛ ይመጣል፤ ሠራተኛ ሲመጣ የቤት ኪራይ ይወጣል፤ ባዶ ቦታም ዓይን ይገባል። በስብሰባው ላይ ወጣቶቹ ሼድ ይጠይቃሉ፣ ቸርቻሪዎቹ ገበያ፣ የባጃጅ ማኅበሩ ማቆሚያ። ቡና ነጋዴው አልጋ ዘርግቶ የሚያደርቅበት ፀሐያማ ሜዳ አግኝቻለሁ ብሎ በልቡ ያሰላል። አንዲት እናት የሕፃናት መዋያ ቢሠራስ ይላሉ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ደግሞ «መብራት ኃይል መጥቶ አፍርሱ ያለን ዕለትስ?» ብለው ሁሉንም ዝም ያሰኛሉ።

የአዛውንቱ ጥያቄ ከሁሉም የተሻለ ነው። ያ ሜዳ ባዶ የሚመስለው ወደ መሬት ብቻ ስለምናይ ነው። አበው «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብለዋል፤ ከመስመሩ ሥር ያለው ሰማይ ግን ታርሷል፣ ተይዟል፣ ቀንና ሌሊት ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ ስብሰባው ሊነጋገርበት የሚገባው የሜዳው ስፋት ሳይሆን የአየሩ ቁመት ነው።

በቤታችን ግድግዳ ውስጥ የሚሄደው ሽቦ ፕላስቲክ ለብሷል። በታወር ላይ የሚሄደው ራቁቱን ነው። በሰፈር ውስጥ በእንጨትና በኮንክሪት ምሰሶ የሚያልፈው መስመር ብዙውን ጊዜ 15 ወይም 33 ኪሎ ቮልት ነው። በብረት ታወር ከከተማ ከተማ የሚሻገረው 66፣ 132፣ 230 ወይም 400 ይሆናል፤ ከሕዳሴ ግድብ ወደ ሆለታ የተዘረጋው 500 ነው። ምጣዳችን የሚጋግርበት 220 ቮልት ስለሆነ የ132 ኪሎ ቮልት መስመር ግፊት የቤታችንን 600 እጥፍ ነው ማለት ነው። ያን ያህል ግፊት የሚችል ልባስ አልብሰው በአየር ላይ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ቢሰቅሉት ክብደቱም ዋጋውም አይቻልም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ሳይከፈልበት የሚገኘውን መከላከያ መረጡ፤ አየርን። በገመዱና በእኛ መካከል ያለው አየር የመሣሪያው አካል ነው። እዚያ ውስጥ ቆርቆሮ፣ የባሕር ዛፍ ጫፍ ወይም አቮካዶ ማውረጃ ዘንግ ሲገባ የተበላሸ ልባስ ያለውን ሽቦ በእጅ እንደመያዝ ይሆናል። ገመዱን መንካት እንኳን አያስፈልግም፤ እርጥብ ዘንግ ወይም የብረት መሰላል በበቂ ከተጠጋው ብልጭታው ራሱ ይመጣል።

አየሩም በአንድ ልክ አይቆይም። ገመዱ መሐሉ ብረት፣ ዙሪያው አሉሚኒየም ነው፤ ሲሞቅ ይረዝማል። በሁለት ታወሮች መካከል 300 ሜትርና ከዚያም በላይ ርቀት ስለሚኖር ጥቂት መርዘም ብዙ መርገብን ያመጣል። ቀን ፀሐይ ያሞቀዋል፤ ምሽት ላይ ከተማው ሁሉ ምጣዱንና ምድጃውን ሲለኩስ የሚሸከመው ጭነት ያሞቀዋል። ጠዋት በብርድ ቀና ብሎ «ከጣሪያዬ በላይ ገና ብዙ ሜትር አለ» ያለ ሰው የሞቀውን ሰዓት አልለካም። ደግሞ ገመዱ ብዙውን ጊዜ ዝቅ የሚለው ከታወሮቹ መሐል ላይ ነው፤ ሰው የሚፈራው ግን ታወሩን ነው። ከብረቱ እሸሻለሁ ብሎ ቤቱን የሚያቆመው ገመዱ ወደሚረግብበት ነው። እንደ ቤንች ሸኮ ባለ ወጣ ገባ አገር ላይ ነገሩ ይበልጥ ይለዋወጣል። ከኮረብታ ወደ ኮረብታ ጥልቅ ሸለቆ በሚሻገር ገመድ ሥር ትልልቅ ዛፎች ሳይነኩ ሊቀሩ ይችላሉ፤ ጉብታ ላይ ደግሞ እንሰትም ያሰጋል። በጉዞ ላይ ሳለ አንዱን ዛፍ ተቆርጦ ሌላውን ተርፎ ያየ ሰው አድልዎ ነው ሊል ይችላል፤ የሚፈቀደውን ቁመት ግን የሚወስነው ከሥሩ ያለው መሬት ነው።

የመርገብ ነገር ምን ያህል እንደሚያደርስ የታየው ነሐሴ 8 ቀን 1995 ዓ.ም በአሜሪካዋ ኦሃዮ ግዛት ነው። በዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የ345 ኪሎ ቮልት መስመሮች ረገቡና ከሥራቸው ካደጉ ዛፎች ጋር ተገናኙ። ገመዶቹ የተሸከሙት ከተፈቀደላቸው በላይ አልነበረም፤ ያለ ልኩ ያደገው ዛፉ ነበር። በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ያለው የማስጠንቀቂያ ሥርዓትም በሶፍትዌር ችግር ዝም ብሎ ነበርና ያየ አልነበረም። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በአሜሪካና በካናዳ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው መብራት አጣ። ያልተገረዘ ዛፍ ነው ይህን የጀመረው። በሚዛን አካባቢ ደግሞ በዓመት 2000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይጥላል፤ ዘንድሮ የተቆረጠ ጉቶ ለከርሞ ቁጥቋጦ ሆኖ ይቆያል። መስመሩ የሚያልፍበትን ገላጣ ማጽዳት አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ሥራ አይደለም።

እዚህ ላይ የቡናው አገር ከሌላው ይለያል። ተገርዞ የሚያዝ ቡና ከሰው ቁመት ብዙ ስለማይበልጥ ከገመዱ ጋር ጠብ የለውም። ጠብ ያለው ጥላው ነው። መስመር ሲያልፍ የሚቆረጠው ሰሳና ዋንዛ ከሥሩ ያለውን ቡና ያቅፍ የነበረ ዛፍ ነው። ጥላው የተነሣበት ቡና መጀመሪያ ከአቅሙ በላይ ያፈራል፤ ባለቤቱም ደስ ይለዋል። ቀጥሎ ቅርንጫፉ ከጫፍ ይደርቃል፣ አረሙ ይነሣል፣ አንድ ዓመት ሰጥቶ አንድ ዓመት ይነሣል። ኮረሪማም ያለ ጥላ አይሆንለትም፤ ዛፍ ላይ የተሰቀለው ቀፎም ሌላ ቦታ ይፈልጋል። ካሳ ገማቹ ግን የቡናውን እግር ቆጥሮ «ይህ አልተነካም» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። በእኔ አስተያየት በቡና አገር የሚደረግ ማንኛውም የመስመር ውይይት መጀመር ያለበት ከዚህ ነው። የተቆረጠው ዛፍ በእንጨትነቱ ተገምቶ ከተከፈለ የጥላው ዋጋ ማን ኪስ ገባ?

ሕጉ ለዚህ ጥያቄ ግማሽ መንገድ ይሄዳል። በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ከገጠር መሬቱ ለዘለቄታው የሚነሣ ባለይዞታ ከመነሣቱ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛው በ15 ተባዝቶ እንዲከፈለው ያዛል። ከእሱ በፊት የነበረው የ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 የሚያባዛው የአምስት ዓመቱን አማካይ በ10 ነበር። ጥሩ መሻሻል ነው። ነገር ግን ይህ ለተነሣ ሰው የተበጀ ስሌት ነው። በመስመር ዝርጋታ በተለመደው አሠራር ለዘለቄታው የሚወሰደው ታወሩ የሚተከልበት ቦታ ነው። ከገመዱ ሥር ያለው ገበሬ ግን እዚያው ይቆያል፤ ዝቅ ያለ ሰብል እያረሰ፣ ቤት ሳይሠራ፣ ዛፍ ሳይተክል። አልተነሣም፤ እንደ ድሮው ባለይዞታም አይደለም። የገላጣው ስፋት በብዙ አገሮች ለ132 ኪሎ ቮልት መስመር 30 ሜትር፣ ለ400 ደግሞ 50 ሜትር አካባቢ ነው። 30 ሜትር ስፋት ያለው ገላጣ አንድ ኪሎ ሜትር ሲሄድ ሦስት ሄክታር ይሆናል፤ በሚዛን ዙሪያ ይህ የበርካታ ቤተሰብ ማሳ ነው።

ወደ ሼዱ እንመለስ። ቆርቆሮ ጣሪያና የብረት ቋሚ ያለው ሼድ ከመስመሩ ሥር ሲቆም፣ ገመዱ ሳይነካው እንኳን ኤሌክትሪክ ይቀበላል። በእንግሊዝ አገር ሪቻርድ ቦክስ የተባለ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ2004 በብሪስቶል አቅራቢያ ከከፍተኛ መስመር ሥር ባለ ሜዳ ላይ 1,301 የፍሎረሰንት አምፖሎችን መሬት ላይ ተከለ። ሽቦ አልነበራቸውም። ሲመሽ ሁሉም ፈዘዝ ብለው በሩ። ያበራቸው በገመዱና በመሬት መካከል ያለው የኤሌክትሪክ መስክ ነው። ያው መስክ በደረቅ እንጨት ላይ በተቀመጠ ቆርቆሮ ላይ ኃይል ያጠራቅማል፤ መሬት የረገጠ ሰው ሲነካው በሰውየው በኩል ይወርዳል። ብዙውን ጊዜ መደንገጥ ነው፤ ግን መሰላል ላይ ሆኖ ሚስማር ለሚመታ ሰው መደንገጥ መውደቅ ነው። ከመስመሩ ጎን ለጎን ብዙ መቶ ሜትር የሚሄድ የሽቦ አጥርም እንዲሁ ነው። መፍትሔው ብረቱን ከመሬት ጋር ማያያዝ ነው። ቡና ነጋዴያችንም ማድረቂያ አልጋውን በሽቦ መረብ ከሚሠራ በቀርከሃ ቢሠራ ከዚህ ጣጣ ይድናል። የአልጋ ቁመት ከገመዱ ጋር አይጣላም፤ የሚያጣላው በላዩ የሚሠራው የዝናብ መከላከያ ዳስ ነው፤ ዳስ ደግሞ በዓመቱ ቤት የመሆን ልማድ አለው።

ገበያውን በሚመለከት ከዚህ የከፋ ምሳሌ አለ። ጥር 25 ቀን 2014 ዓ.ም በኪንሻሳ ዳርቻ ማታዲ ኪባላ በተባለ ቦታ ዝናብና ነጎድጓድ በነበረበት ጠዋት አንድ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ገመድ ተበጥሶ ገበያ ላይ ወደቀ። መሬቱ ውሃ ተኝቶበት ነበር። 26 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ሸቀጥ ዘርግተው የተቀመጡ ሴቶች ነበሩ። ገመድ የሚበጠሰው አልፎ አልፎ ነው፤ መስመርም ሲበጠስ በሴኮንድ ክፍልፋይ እንዲጠፋ የሚያደርግ መሣሪያ አለው። ገበያ ግን ሰው በብዛት፣ ለረጅም ሰዓት፣ በጭቃ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። እንደ አማን ዝናብ በማያባራበት ከተማ እነዚያ ሦስቱ ነገሮች በአንድ ቀን ይገናኛሉ። ለዚህ ነው ሼዱ መላ ቢገኝለትም ገበያውን ግን አይሆንም የምለው፤ ምንም ያህል «ለጊዜው ነው» ቢባልም።

መብረቅም አለ። ከታወሩ አናት ላይ የሚሄደው ቀጭን ሽቦ መብረቁን ተቀብሎ በብረቱ አካል ወደ መሬት እንዲያወርድ የተሠራ ነው። ሥራውን ሲሠራ በታወሩ እግር ዙሪያ ያለው እርጥብ መሬት ለቅጽበት ኃይል ይሸከማል። እግሮቿ ተራርቀው የቆመች ላም ከሰው ይልቅ ትጎዳለች፤ አንዱ እግሯ የረገጠው መሬትና ሌላው የረገጠው መሬት የተለያየ ግፊት አላቸውና። ታወር ለከብት ማሰሪያ ምሰሶ እንዳይሆን የሚከለከለው በዚህ ነው። የብረቱን ብሎንና ማገር እየፈቱ የሚሸጡ ሌቦች ደግሞ ታወር እስከ መጣል ይደርሳሉ፤ ይህ በአገራችን ተደጋግሞ የታየ ነው። ሰው የሚውልበት፣ የሚታረስ ገላጣ ከምድረ በዳ ይልቅ ለሌባ አይመችም፤ ለልማቱ ከሚቀርቡት ክርክሮች የመስመሩን ባለቤት የሚያሳምነው ይኸኛው ይመስለኛል።

አሁን የሕፃናት መዋያው። መስመሩ ሕፃናትን ይጎዳ ይሆን የሚለውን ጥያቄ ዓለም ላይ ያነሡት ተመራማሪዎቹ ናንሲ ወርትሃይመርና ኤድ ሊፐር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1979 በዴንቨር ከተማ ባደረጉት ጥናት፣ ከፍ ያለ ፍሰት ካላቸው የኤሌክትሪክ መስመሮች አጠገብ በሚኖሩ ሕፃናት ላይ የደም ካንሰር በርከት ብሎ አገኙት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥናት ተደርጓል። የብዙዎቹ ድምር የሚያሳየው በአማካይ ከ0.3 እስከ 0.4 ማይክሮ ቴስላ በላይ መግነጢሳዊ መስክ ባለበት ቤት በሚኖሩ ሕፃናት ላይ በሽታው ወደ እጥፍ ከፍ ማለቱን ነው። ምክንያቱ መስኩ ይሁን ሌላ ነገር እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም፤ በሽታውም በራሱ ብርቅ ነው። ለሕዝብ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ የደኅንነት ወሰን 200 ማይክሮ ቴስላ ነው፤ ከዚያ በታች በቅጽበት የሚደርስ ጉዳት የለም።

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2002 ይህን መስክ «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» በሚለው 2ቢ በተሰኘ ምድብ አስገባው። ምድቡ ሲሰማ ያስፈራል። ቡና ራሱ ከ1991 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. በዚያው ምድብ ውስጥ እንደነበረ ማወቅ ለቤንችና ለሸካ ሰው ፍርሃቱን በልኩ ያደርግለታል፤ የፊኛ ካንሰር ያመጣ ይሆናል ተብሎ ገብቶ በማስረጃ እጦት ወጣ። ይህን ያነሣሁት ነገሩን ለማቅለል አይደለም። መስኩ ከመስመሩ ሲርቁ ቶሎ ይቀንሳል፤ ሕፃናትን አሥርና ሃያ ቤት ወዲያ ማዋል ምንም አያስወጣም። ጥርጣሬው በርካሽ ሊወገድ ሲችል ሕፃን ላይ የሚሞከርበት ምክንያት የለም። በገላጣው አቋርጦ ትምህርት ቤት ለሚሄድ ልጅ ግን የሚያስጨንቅ ነገር አላይም።

የመፍቀድ ሥልጣኑስ የማን ነው? ሕዝቡ ዛሬም «መብራት ኃይል» ይላል፤ ድርጅቱ ግን በ2006 ዓ.ም ለሁለት ተከፍሏል። ኃይል አመንጭቶ በታወር የሚያስተላልፈው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው፤ በሰፈር ምሰሶ አከፋፍሎ ቆጣሪ የሚያስገባው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ቆጣሪ ያስገባላችሁ መሥሪያ ቤት ከታወሩ ሥር እንድትሠሩ ሊፈቅድ አይችልም፤ ማዘጋጃ ቤቱም የሰጠው ካርታ ገመዱን ከፍ አያደርገውም። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። መብራት ገብቶልኛል፣ ግብር እከፍላለሁ፣ ስለዚህ ሕጋዊ ነኝ ይላል። የጨረቃ ቤት ሠርቶ መብራት ያስገባ ሰውም ያንኑ ይላል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ካደረገ በኋላ በአንቀጽ 43 ዜጎች አካባቢያቸውን በሚነኩ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ መብት ይሰጣል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት ይጠይቃል። በ2016 ዓ.ም ደግሞ የካሳው አዋጅ ተሻሽሎ የክፍያው ሸክም ወደ ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች ዞሯል። ስለዚህ አማን ላይ «ካሳውን ማን ይከፍላል» ብሎ የሚጠይቅ ነዋሪ መልሱን ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከራሱ ክልል ይጠብቃል። ኮይሻን የመሰለ፣ 1,800 ሜጋ ዋት የሚጠበቅበት ግድብ በዚሁ ክልል እየተሠራ ነውና ገላጣው ወደፊት መብዛቱ አይቀርም።

ታዲያ ምን ይሠራበት? ሳኦ ፓውሎ ውስጥ ሥራ ያጡ ነዋሪዎች ከከፍተኛ መስመሮች ሥር ባለው መሬት ላይ አትክልት አልምተው ይሸጣሉ። ቶሮንቶ ከመስመሮቿ ሥር 16 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ገላጣ የሣርና የአበባ ሜዳ፣ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ለማድረግ እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራ ጀምራለች። ሁለቱም ምርጫዎች አንድ ባሕርይ አላቸው፤ ዝቅ ያሉ ናቸው፣ ሰውም አይተኛባቸውም።

ለአማን የሚበጀውን ለመምረጥ ግን ሳኦ ፓውሎ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ቴፒ ላይ የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከል አለ። እርድ ፀሐይ ይችላል፣ ቁመቱም ከወገብ ብዙ አይዘልም። ዝንጅብልም ቢሆን፣ የሚያጠወልገውን የባክቴሪያ በሽታ ከተጠነቀቁለት፣ ለዚህ መሬት የተፈጠረ ነው። ጎደሬ አለ፣ አናናስ አለ። የቡና ችግኝ ጣቢያም ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ችግኝ ዝቅ ባለ ሰው ሠራሽ ጥላ ሥር ያድጋል፣ ሲደርስ ተነሥቶ ይሄዳል። ቁንዶ በርበሬ ግን ዛፍ ላይ ስለሚወጣ ይቅር። እሳትም ይቅር፤ ማሳ ለማጽዳት የሚነድ ቃጠሎ ጭሱና ሙቀቱ አየሩን አዳክሞ ብልጭታ ሊጠራ ይችላል። የባጃጅ ማቆሚያው ነዳጅ እስካልተቀዳበትና ጣሪያ እስካልተሠራለት ድረስ አይከፋም። ወጣቶቹ ሼዳቸውን ከገላጣው ጠርዝ ውጭ አድርገው ሜዳውን ለእርድ ማጠቢያና ማስጫ ቢጠቀሙበት ሁለቱንም ያገኛሉ።

ሁሉም በዚህ ከተስማማ በኋላ አንድ ነገር ይቀራል፤ የጥገና መኪና መግቢያ። ሌሊት በዝናብ መስመር ሲቋረጥ ክሬን የጫነ ከባድ መኪና እስከ ታወሩ እግር መድረስ አለበት። እርድ የተተከለበት መሬት አጥር ይኖረዋል፣ አጥር በር ይኖረዋል፣ በር ቁልፍ ይኖረዋል። መኪናው ሲመጣ ሰብል ቢረግጥ ማን እንደሚከፍል፣ ቁልፉም ከማን ዘንድ እንደሚቀመጥ ስብሰባው ሳይበተን በቃለ ጉባኤ ላይ ቢጻፍ፣ አዛውንቱ ለጠየቁት ጥያቄ ቢያንስ ግማሹን መልስ ያገኛሉ።